ዶክተር ኢንሳፍ ላቢብ ያወጡት የመጨረሻ ፈተና

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሚንያም ከሌላም ሩቅ ቦታ ወደ ማላዊ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እኅታችንን ለመሸኘት ስለደከማችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ይህን ዜና ሕይወት የጻፉት ሟቿ ዶክተር ኢንሳፍ ላቢብ ራሳቸው ሲሆኑ፣ የሚያነቡላችሁ ደግሞ ታላቅና ብቸኛ ወንድማቸው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በመመለሳቸው ሙቀድስ የሚባሉት ናሽድ ላቢብ ናቸው። ጠበቃው ሐሊም የታሸገውን ወረቀት ሲያስረክቧቸው፣ አንድ ቃል ሳይዘሉ ካነበቡ ድርሻቸውን በዚሁ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደሚቀበሉ፣ ከዘለሉ ግን ባዶ እጃቸውን እንደሚሄዱ ነግረዋቸዋል፤ ጠበቃው አሁንም ሁለተኛውን ቅጂ ይዘው ከፊት ወንበር ላይ በጣታቸው እየተከተሉ ነው። ስለዚህ ሙቀድስ፣ መነጽርዎን ያስተካክሉና ይቀጥሉ።

ዶክተር ኢንሳፍ ከአባታቸው ከአቶ ላቢብ ጀይድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢስቲር ሐና፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. በዚሁ በማላዊ፣ ከእህል ገበያው በስተጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ሾላ በቆመበት ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ተወለዱ። አባታቸው ስድስት ፈዳን መሬት የነበራቸው፣ ሴት ልጅ መማሯን የማይቃወሙ፣ ነገር ግን ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ነው ብለው የሚፈሩ ደግ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ካይሮ ሄደው የምጣኔ ሀብት ትምህርት ሲጨርሱ ሰፈሩን ሁሉ ሸርባት ያጠጡ ሲሆን፣ በዓመቱ ኑዛዜ ሳይጽፉ አረፉ።

በላይኛው ግብፅ እንደምታውቁት እኅት ከመሬቱ ድርሻዋን ትታ፣ «ደስ ይበላት» ተብሎ ራድዋ የሚባል ጥቂት ነገር ትቀበላለች። ከአባታቸው አርባ በኋላ ሙቀድስ ናሽድ፣ ያኔ ገና ሙቀድስ ሳይሆኑ፣ ሁለት የወርቅ አምባርና ሦስት መቶ ፓውንድ ከአንድ ወረቀት ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «መሬት ለባዕድ አይሄድም። ወይ ድርሻሽን ያዢና ወንድም የለኝም በይ፣ ወይ ራድዋሽን ተቀብለሽ ፈርሚ። ምረጪ፤ ማንም አያስገድድሽም» አሏቸው። ወንድም የሌላት ሴት በዚህ አገር ምን እንደምትባል የሚያውቁት የሃያ ሦስት ዓመቷ ኢንሳፍ ፈረሙ። በዚያው ዓመት መሐንዲስ እጮኛቸው ለሠርግ ሲዘጋጁ፣ የሙሽራዪቱ ወገን የሚያሟላውን አልጋና የወጥ ቤት ዕቃ ኢንሳፍ ወንድማቸውን ቢጠይቁ፣ «ራድዋሽን በልተሽ የለ? ከዚያው ግዢዋ!» የሚል መልስ አገኙ፤ የሙሽራው እናትም ባዶ እጇን የምትመጣ ምራት አልቀበልም ብለው ነገሩን አፈረሱት። ዶክተር ኢንሳፍ ከዚያ በኋላ አላገቡም፤ ራድዋውንም ተጸይፈው፣ በመሐረብ ቋጥረው፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይነኩ አኖሩት። እዚህ ላይ አንባቢው ቢደክማቸው ውኃ ይሰጣቸው።

ዶክትሬታቸውን ከያዙ በኋላ በሚንያ ዩኒቨርሲቲ ለሠላሳ ሁለት ዓመታት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ሲያስተምሩ፣ ዛሬ በዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ በእጃቸው አልፋችኋል። ኪሳችሁ ባለው ገንዘብ ስንት ሳህን ፉልና ስንት ጊዜ ሚኒባስ እንደሚገዛ አስቆጥረው፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ አንድ መስመር ያሰምሩና፣ «ከመስመሩ በላይ ያለው ምኞት ነው፤ እኛ የምንመርጠው ከመስመሩ ወዲህ ካለው ነው። ‹ማንም አያስገድድሽም› የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ግን፣ መጀመሪያ መስመሩን ማን እንዳሰመረው ጠይቁት» ይሉ ነበር። ሰው ምን እንደሚወድ ከአፉ አትስሙ፣ ኪሱ ሲጠብበት መጀመሪያ ምኑን እንደሚጥል ተመልከቱ የሚለውም የእርሳቸው ትምህርት ነው።

በየፈተናው ላይ ሸማች ሆኖ የሚቀርበው ሰው ደግሞ ያለ አንዳች ለውጥ ናሽድ ይባል ነበር። «ናሽድ በወር መቶ ፓውንድ አለው፤ ሥጋው አምስት፣ ሺሻው ሁለት ፓውንድ ነው፤ ለእኅቱ የሚተርፋት ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያልሠራ የሚንያ ተማሪ የለም፤ የቱንም ያህል ቢሰላ መልሱ «ምንም» ነበር። አንድ ደፋር ተማሪ ናሽድ ማን እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ «ወንድሜ ነው፤ እንዳይረሳ ብዬ ነው» አሉት። ሙቀድስ፣ በዚህ አውራጃ ገንዘብ ያዡም የባንክ ጸሐፊውም ስምዎን ሲሰማ ለምን ፈገግ እንደሚል ሲገርምዎ ኖሯል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሙቀድስ ናሽድ ከመሬቱ ግማሹን ሸጠው በሲሚንቶ ንግድ ከከሰሩ፣ ከተረፈውም ኢየሩሳሌምን ከተሳለሙ በኋላ፣ የአባታቸውን ቤት በኪራይ ሊኖሩበት ተስማምተው ሸጡት። ገዢው ማን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ ኪራዩን የሚቀበሉት ጠበቃው ሐሊም ነበሩና። ገዢዋ ዶክተር ኢንሳፍ ናቸው፤ የብዙ ዓመት ደመወዛቸውን አፍስሰውበታል። ሙቀድስ፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት የእኅትዎ ተከራይ ነዎት።

በቤታችን ልማድ ወንድም በየፋሲካው ለእኅቱ ስኳር፣ ሳሙናና አንድ ጥንድ ዳክዬ ይዞ ይሄዳል፤ ሙቀድስም ለሰው ዓይን ይሁን ለሌላ፣ ይህን አንድም ዓመት አጉድለው አያውቁም ነበር። ዶክተር ኢንሳፍ ሊያፍሩበት ቢሞክሩም ያንን ቀን ይናፍቁት ነበር፤ ዳክዬዎቹን አርደው ብቻቸውን ማዕድ ሲቀርቡ ወንድም አለኝ ይሉ ነበር። ቤቱን እንደገዙ ታዲያ ኪራዩን በጥቂቱ ከፍ አደረጉና፣ ወንድማቸው መጀመሪያ ምን እንደሚጥሉ ጠበቁ። ሺሻውን ቢጥሉ፣ ወይም የሐሙሱን ሥጋ፣ ወይም በቡና ቤቱ በራፍ ያለችውን የዶሚኖ ወንበር፣ ባልተፈረመ ወረቀት ላይ የተዘጋጀው የቤቱ ስጦታ በማግሥቱ ይፈረምላቸው ነበር። ሙቀድስ ናሽድ መጀመሪያ የጣሉት ዳክዬዎቹን ነው። ዶክተር ኢንሳፍ የዚያን ዓመት የትንሣኤ ዕለት እስከ ሠርክ ጸሎት በር በሩን ሲያዩ ዋሉ፤ ከዚያም ወረቀቱን ቀደው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት፤ አለቀሱም። ኪራዩን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የጨመሩት ለጥናት ሳይሆን ለበቀል ነው፤ ይህንንም ለንስሐ አባታቸው ነግረዋል።

በቀጣዩ ዓመት ፋሲካ ግን በራቸው ተንኳኳ። የመጣችው የሙቀድስ ልጅ ናርዲን ነበረች፤ ያኔ ገና ነርስ ሆና የተቀጠረች፣ አባቷ የቀረውን መሬት ለወንድሟ አዛውረው እርሷን በሁለት አምባር «ደስ ይበላት» ያሏት ልጅ። ከደመወዟ የገዛቻትን አንዲት ከሲታ ዳክዬ በክንፏ አንጠልጥላ፣ «አክስቴ፣ ጥንድ መግዛት አልቻልኩም፤ እንዳትስቂብኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ፋሲካ አልቀረችም።

ዶክተር ኢንሳፍ ኩላሊታቸው ታሞ ደማቸው በሳምንት ሦስት ቀን በመሣሪያ ሲታጠብ አራት ዓመት ያመላለሰቻቸው ይህችው ናርዲን ናት። ሙቀድስ አንድ ጊዜ መጥተው፣ «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፤ ይሄን ሁሉ ለማን ልታወርሺው ነው?» ቢሏቸው፣ «አቤህ፣ አንተስ ድርሻህን ታገኛለህ፤ እንዳገኘሁት አድርጌ ነው የማስቀምጥልህ» ብለው በልጅነታቸው ታላቅ ወንድማቸውን በሚጠሩበት ስም መለሱላቸው። በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ዶክተር ኢንሳፍ አንድ ወንድም፣ ሁለት የወንድም ልጆችና ስፍር ቁጥር የሌላቸው ተማሪዎች ትተዋል። ሾላ የቆመበት የአባታቸው ቤት ለናርዲን ተሰጥቷል፤ አባቷ ይኑሩበት ወይም ይውጡ፣ ኪራዩስ ስንት ይሁን፣ የምትመርጠው እርሷ ናት፤ ማንም አያስገድዳትም። ለሙቀድስ ናሽድ የተተወው ድርሻ በጠበቃው ጉልበት ላይ በመሐረብ ተቋጥሮ ይታያል፤ ሁለት አምባርና ሦስት መቶ ፓውንድ ነው፤ ደስ ይበላቸው።

ቸሩ አምላክ የዶክተር ኢንሳፍን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን፤ ይቅር ሳይሉ መሄዳቸውንም እርሱ ራሱ እንደ ቸርነቱ ይመዝነው። አሜን ይበሉ፣ ሙቀድስ፤ እርሱም ከጽሑፉ ውስጥ ነው፤ ካልተባለ አምባሮቹም ይቀራሉ።

አሜን።