ውሻዬን ሁዳዴ ያስጾሙት ቄስ

እስኪ ፍረዱኝ! የርስት ክርክር ኖሮብኝ ደብረ ብርሃን ስሄድ ውሻዬ አንበሶ መንገድ ላይ እስካለችው ቀየት ከተማ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ውሻ ይዤ ችሎት አልቀርብ ነገር፣ እስክመለስ ማን ዘንድ ላስቀምጠው? ጊዜው ቅበላ ነበርና እዚያ ያረፍኩባት ጠጅ ሻጭ «እኔ ጋ ተወው፣ አጥንት ሞልቷል» አለችኝ። እኔ ሞኙ ግን ሰካራም በዱላ ወገቡን ይሰብርብኛል ብዬ ፈራሁ። እግዜርን የሚፈራ ቤት ይሻላል ብዬ ለአንድ ቄስ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ።

ክርክሩ ተጓትቶ ስመለስ ጾሙ ተጋምሷል። ያ ሙክት የመሰለ ውሻ ጎድኑ ይቆጠራል፤ መነሳት አቅቶት ተኝቶ ጅራቱን ብቻ ወዘወዘልኝ። «አባቴ፣ ታሞ ነው?» አልኳቸው። «የለም ልጄ፣ ደኅና ነው። በኔ ቤት ቅዳሴ ሳይወጣ የሚቀምስ የለም። ማታ ማታ ደረቅ ቂጣ እሰጠዋለሁ፤ በሁዳዴ አሬራ እንዴት ይሆናል?» አሉኝ ኮራ ብለው። «ውሻ ይጾማል እንዴ?» ብዬ ብጮህ «በነነዌስ ከብቱ ሁሉ ጾሞ የለም?» ብለው መጽሐፍ ጠቀሱብኝ!

ደሜ ፈላ። «የነነዌ እኮ ሦስት ቀን ናት!» አልኩና አንበሶን ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ከደጃፋቸው ስደርስ ግን አላስችል አለኝ። «አባቴ፣ ይኸው ውሻ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቅ ቢል ርኩስ ነው ብለው በመቋሚያ የሚያባርሩት እርስዎ ነዎት። ለቅዳሴው ውሻ፣ ለጾሙ ምእመን የሆነው በየትኛው መጽሐፍ ነው?»