ከቋሚው ላይ የታሰረው ሙክት

ሐምሌ አሥራ ሰባት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል፤ ከአዋሽ ወዲያ መንገድ ዳር ባለ የአውሬ ማቆያ ግቢ ውስጥ፣ ስለት ይዘው ወደ ቁልቢ የሚጓዙት አስናቀችና የባሏ ታላቅ እህት ፀዳለ ከአንበሳው አጥር ፊት ለፊት ግራር ሥር ተቀምጠዋል።

አስናቀች፦ ሙክቱ ካሰሩበት ቦታ የለም እያልኩዎት ነው እኮ፣ እትዬ ፀዳለ።

ፀዳለ፦ ሰምቻለሁ። በዚህ ሙቀት ሦስቴ የሚደገም ነገር ነው? በግ ነው፤ እግር አለው፣ ይሄዳል።

አስናቀች፦ ገመድም ነበረው።

ፀዳለ፦ ገመድ ይፈታል። ይልቅ ይሄን አንበሳ እዪልኝ። ለዚህ ነው ቲኬት ቆርጠን የገባነው? ሜዳ ላይ የተጣለ ፍራሽ ነው የሚመስለው። ዝንብ ማባረር እንኳ ሰልችቶታል።

አስናቀች፦ አንበሳው ምን አደረገኝ። የት ነው ያሰሩት?

ፀዳለ፦ እዚያ ማዶ፣ ዛፍ ሥር። ጥላ ያገኛል ብዬ። ለእንስሳ ማዘኔ ነበር።

አስናቀች፦ ለእንስሳ ማዘን የጀመሩት ዛሬ ከሰዓት ነዋ። ጠዋት ከአቃቂ ጀምሮ አፍንጫዎን ይዘው ነበር።

ፀዳለ፦ ይሸታላ። መኪናዬ ገና ከወንበሩ ላይ ላስቲኩ ያልተነሣ ነው። ያንቺ ስለት ቢሾፍቱ ሳንደርስ ሸናበት።

አስናቀች፦ ጠረግሁት እኮ። በነጠላዬ።

ፀዳለ፦ ነጠላሽም ይሸታል።

አስናቀች፦ ዛፍ ሥር አሉኝ። ሄጄ አየሁት። በጠጥ የለም፣ የተረገጠ ሣር የለም። ሙክት አንድ ቦታ ታስሮ በጠጥ ሳይጥል አይውልም።

ፀዳለ፦ አሁን ደግሞ የበግ መርማሪ ሆንሽ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

አስናቀች፦ የዋለበትንም አይቻለሁ። በሩ ላይ፣ ከብረት ቋሚው ሥር።

ፀዳለ፦ ዛፍ ሆነ ቋሚ ምን ለየው? ያው ማሰሪያ ነው።

አስናቀች፦ ዘበኛው እንደዚያ አላለኝም። የዚህ አገር ሰው አህያው ሲያረጅበት፣ ግመሉ ሲሰበርበት፣ እዚያ ቋሚ ላይ አስሮት ዞር ሳይል ይሄዳል አለኝ። ያገለገለውን ከብት በገዛ እጁ ለአውሬ መስጠት ያሳፍረዋላ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሠራተኞቹ የታሰረውን ያስገባሉ። የማን ነው የሚል የለም።

ፀዳለ፦ እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ? በምን አውቄ?

አስናቀች፦ ሰሌዳ አለ። ቡጢ ቡጢ በሚያህል ፊደል "እዚህ የታሰረ ለአውሬዎቹ የተሰጠ ነው" ይላል።

ፀዳለ፦ አላየሁትም።

አስናቀች፦ ከአቃቂ እስከዚህ ያላነበቡት ሰሌዳ አለ? የጎሚስታውንም የጠጅ ቤቱንም ጮክ ብለው እያነበቡ ስሕተቱን ሲያርሙልን አልነበር?

ፀዳለ፦ ሙቀቱ ዐይኔን ይዞት ነበር። አዲስ አበባ በዝናብ ጋቢ ደርቤ ወጥቼ እዚህ መጥበሻ ውስጥ ገባሁ፤ ምን ላይ ነው የማየው?

አስናቀች፦ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። ሙቀቱን ይተዉት።

ፀዳለ፦ ሂጂ መኪናው ጋ፣ ለግርማቸው ንገሪውና ይፍረደን። ወንድሜን አውቀዋለሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

አስናቀች፦ አህያዋ እኔ መሆኔ ነው። ጅቧን ግን እርስዎ ጠሯት እንጂ እኔ አልጠራሁም።

ፀዳለ፦ ምላስሽ ለዚህ ለዚህ ደህና ነው። ስሚኝ፣ ድሬዳዋ ስንደርስ ጃንጥላ እገዛልሻለሁ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ለታቦት ከበግ ጃንጥላ ያምራል፤ ደግሞም አይሸናም።

አስናቀች፦ ጃንጥላ አልተሳልኩም። ልጄ ህሊና ወድቃ አረፋ ስትደፍቅብኝ "አንድ ዓመት ሳትወድቅ ካቆየህልኝ ነጭ ሙክት ይዤ እመጣለሁ" ነው ያልኩት። ይኸው ዓመት ሞላት። የተሳልኩትን ትቼ ሌላ ይዤ ብሄድና ነገ ብትወድቅብኝ፣ ማንን ልጠይቅ?

ፀዳለ፦ ሐኪሙን ትጠይቂያለሽ። ዓመት ሙሉ ያልወደቀችው በምን ይመስልሻል? ጠዋት ማታ በምትውጠው ኪኒን ነው። ሦስት ወር ተራ የሚጠበቅበትን ሐኪም ማን ደጅ ጠንቶ በሳምንት አስገባት? ይሄ በግ ነው?

አስናቀች፦ እርስዎ ነዎት።

ፀዳለ፦ ገና ዛሬ ከአፍሽ ወጣ። ለጎረቤት ስታወሪ ገብርኤል፣ ለእድርተኛው ስታወሪ ገብርኤል። አንድ ቀን ተሳስተሽ ፀዳለ ብለሽ ታውቂያለሽ? ጭራሽ የኔን ምስጋና በግ ተሸክሞ፣ በኔ መኪና፣ በኔ ወንበር ቁልቢ ይሄዳል። መንገዱን ሙሉ እያየኝ ያመሰኳል።

አስናቀች፦ እና አሰሩት።

ፀዳለ፦ አሰርኩት። ሰሌዳውን አንብቤ ነው ያሰርኩት፣ ያውም ሁለቴ። ደስ አለሽ? ይኸው ፍራሹም ተነሥቶ እየቆረጠመ ነው።

አስናቀች፦ አየሁት። ሲያስሩት ዝም አለ?

ፀዳለ፦ ምን ይበል፣ በግ አይደለም እንዴ።

አስናቀች፦ ሰው ሲነካው ዝም አይልም ብዬ ነው።

ፀዳለ፦ እጄን ላሰኝ። ላብ ነበረኝ፤ ጨው መስሎት ነው። ጨርሶ እስኪልሰኝ ቆምኩለት። ከዚያ ዞር ሳልል መጣሁ።

አስናቀች፦ እንደዚህ አገር ሰው።

ፀዳለ፦ አዎ። እንደዚህ አገር ሰው።

አስናቀች፦ እኔም በድያለሁ። ለሐኪሙ እግዜር ይስጥልኝ አላልኩዎትም። ውለታዎን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አንዴ ካመሰገንኩዎት ዕድሜ ልኬን ሲያነሡብኝ ይኖራሉ ብዬ ነው። ቅድም እንዳነሡት።

ፀዳለ፦ ይሄ ይቅርታ ነው ስድብ?

አስናቀች፦ ሁለቱም አለበት። ለይተው ይውሰዱት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። በሆዴ ይሄን ይዤ የመልአኩ ደጅ አልቆምም። ይቅር ይበሉኝ። የእርስዎንም ልስማ።

ፀዳለ፦ ምን ሊያደርግልሽ? ስለቱ እንደሆነ አንበሳው ሆድ ውስጥ ነው።

አስናቀች፦ እሱን ለኔ ይተዉት።

ፀዳለ፦ በዚህ ሐሩር ይቅርታ የሚያስጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

አስናቀች፦ እጠብቃለሁ። መንገዱ አይሄድብንም።

ፀዳለ፦ እሺ፤ ይቅር በይኝ። ከልቤ ነው ደግሞ። ያ የላሰኝ እጄ እስካሁን ደህና አልሆነልኝም።

አስናቀች፦ ይቅር ብያለሁ። በሉ ይነሡ፣ ህሊና ሣሩን ሳትጨርስ አትቀርም።

ፀዳለ፦ የምን ሣር?

አስናቀች፦ ለሙክቱ የምታበላውን። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ላጠጣው ስፈልገው ከቋሚው ላይ አገኘሁትና ፈታሁት። አንበሳው የሚቆረጥመው የሰው አህያ ነው።

ፀዳለ፦ አንቺ። ጠፋ ብለሽ ይሄን ሁሉ ሰዓት ስታናዝዢኝ?

አስናቀች፦ ጠፋ አላልኩም። ካሰሩበት ቦታ የለም ነው ያልኩት።

ፀዳለ፦ የት ነው ያለው አሁን?

አስናቀች፦ መኪናው ውስጥ፣ ከግርማቸው ጎን። በሮቹን ከፋፍተንለታል። ቀበቶም አስረንለታል።

ፀዳለ፦ ከግርማቸው ጎንማ የኔ ወንበር ነው።

አስናቀች፦ ከፊት ሲሆን ዐይን ለዐይን አትተያዩም ብዬ ነው።

ፀዳለ፦ እኔስ ቁልቢ ድረስ የት ልቀመጥ ነው?

አስናቀች፦ ከኋላ ነዋ፣ እሱ የነበረበት። አይስጉ፣ ላስቲኩን በነጠላዬ ጠርጌልዎታለሁ።