ከመቶ ዓመት በፊት የሄደው ሚኒባስ

ለፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የመኪና ስምሪት ፕሮግራም ሠርቼ ሥራ ባስጀመርሁበት ጠዋት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሞተሩም ተነሥቷል። ተራ አስከባሪው ግን ኮምፒውተሩን አየና መውጫ ወረቀት አልሰጥም አለ።

«ይህ መኪና ሄዷል።»

«የት ሄደ? ይኸው ቆሞ የለም እንዴ!» አለ ሹፌሩ።

«ከሄደ መቶ ዓመት አልፎታል ይላል። የሄደ መኪና እንዴት አድርጌ ልሸኝ?»

ጎንበስ ብዬ ኮምፒውተሩን አየሁት። የፕሮግራሙ የመረጃ መዝገብ ላይ ያስገባሁት የመነሻ ሰዓቱን ብቻ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ተኩል። ፕሮግራሙን የጻፍሁበት የኮምፒውተር ቋንቋ ለካ ቀን የሌለው ሰዓት አይወድም፤ ከራሱ አውጥቶ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ለጥፎበት ኖሯል። የመነሻ ሰዓቱ ያለፈውን ሁሉ «ሄዷል» በል ብዬ ያዘዝሁት ደግሞ እኔው ነኝ! ይህንኑ ለተሳፋሪዎቹ ሳስረዳ፣ ቡሬ ለእኅታቸው ልጅ ሰርግ የሚሄዱ አንዲት እናት አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«እንግዲያማ ሙሽራዪቱም አርጅታለች በለኛ!»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። የዕለቱን ቀን አስገባሁና መውጫ ወረቀቱን ይዤ ሮጥሁ። ሹፌሩ ተቀብሎኝ ማርሽ ሲያስገባ ሴትዮዋ በመስኮት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አሁን የምንሄድ ነን ወይስ የምንመለስ?»