ፀበል ሄዳለች እየተባለች የከረመችው ባለዕዳ

ከቁሓ ወደ መቐለው ሮማናት አደባባይ የሚሄደው ታክሲ ሊነሳ ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ ዓለምእሸት ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ሳበችው። ጋቢና የገባው ሰላማዊ ነዋ! የብድር ተቋሙ ዕዳ ጠያቂ፣ ስንት ጊዜ በሯን የቆረቆረው።

«እማ ዓለም፣ ጥርስዎን አመመዎት እንዴ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ሀፊሳ። የጎረቤቷ የነጋዴው የኢስሃቅ ልጅ ናት፤ የሒሳብ ትምህርት ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ልጅ ማለት እሷ! ተማርኩ ብላ አፍንጫዋን የማትነፋ፣ ምላሷ ማር።

«ዝም በይ አንቺ! ያ ሰውዬ እንዳያየኝ።»

ነገሩ አገር ያወቀው ነው። ዓለምእሸት የስፌት መኪና ልትገዛ ተበደረች፤ ጦርነቱ መጣ፤ ሱቋ ተዘረፈ። መኪናው ሄደ፣ ዕዳው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አታነሳም፤ በር ሲንኳኳ ጎረቤቱ ሁሉ «ፀበል ሄዳለች» ይላል። አንድ ቀን ሰላማዊ «እስካሁን እኮ መዳን ነበረባት!» ብሎ እየሳቀ ተመለሰ አሉ።

«እስከ መቼ ይደበቃሉ?» አለች ሀፊሳ በሹክሹክታ።

«እሱ እስኪሰለቸው። ሌባ የወሰደውን እኔ ልክፈል? ይህ ፍርድ ነው?»

«ይህንን ነግረዋቸዋል?»

«ለነማን? ለፖሊስ እንዲሰጡኝ?»

«መክፈል ያቃተውን ፖሊስ ምን ያደርገዋል እማ ዓለም? መዘረፍዎን አስረድተው ቢለምኑ እንደ አቅምዎ ከፋፍለው ያራዝሙልዎታል። ሲሸሹ ግን እንቢተኛ ተብለው ይመዘገባሉ። ያንን ደግሞ አበዳሪው ሁሉ ያየዋል።»

«ይየው! ሁለተኛ ብድር ደጃፍ አልደርስም።»

«እርስዎስ አይበደሩም። ጋሽ አምሃስ?»

ዓለምእሸት ዞር ብላ አየቻት። መምህር አምሃ የልጇ የክርስትና አባት ነው፤ ያኔ ዋስ የሆናትም እሱ።

«አምሃ ምን ሆነ?»

«ደመወዙ በእርስዎ ዕዳ ሊቆረጥ ነው። ለሚስቱ ቀዶ ጥገና ብድር ቢጠይቅ፣ የዋስትናህ ዕዳ አልተከፈለም ብለው መለሱት።»

«ዋይ ዋይ! ለኔ ሳይነግረኝ?»

«የት አግኝቶ ይንገርዎት? ስንቴ መጣ፣ እሱንም ‹ፀበል ሄዳለች› ብለን መለስነው እኮ።»

የወዳጇ ሚስት ታማ አልጋ ላይ፣ እሷ በር ዘግታ! ጎበዝ ሴት ናት ግን፤ ነጠላዋን ከፊቷ ገፈፈችና ጮኸች፦

«አንተ ሰላማዊ!»

ዞሮ አያትና እንደ እናቱ በትግርኛ አክብሮ፣ «ኣደይ! ከፀበል መጣችሁ?» አላት።

ታክሲው በሳቅ ተናወጠ።

«ሳቅ፣ ሳቅ፤ ያምርብሃል! አሁን ቢሮህ ውሰደኝ። ያለኝን ልክፈል፣ የሌለኝን ልንገራችሁ። የአምሃን ደመወዝ ግን እንዳትነኩ።»

«ምነው ኣደይ፣ ይህንን ብላችሁኝ ቢሆን እኔስ ጫማ እጨርስ ነበር?»

ሀፊሳም ቢሮው አብራት ገባች። መዘረፏን የሚመሰክር ወረቀት ከቀበሌ አስወጡ፤ የመዘግየቱ ቅጣት ተነሳላት፣ የቀረው በየወሩ እንድትከፍል ተከፋፈለ። በኪራይ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የዕዳውን ለይቶ ማስቀመጥ እንዳለበት ከልጅቷ ተማረች። አንድ ወር ቢያጥራት ወደ አራጣ አበዳሪ ልትሮጥ ተነስታ ነበር፤ ሀፊሳ ናት «ቀኑ ሳያልፍ ደውለው ይንገሯቸው» ብላ የያዘቻት። ደወለች፤ ታገሷት።

የአምሃም ደመወዝ ሳይነካ ቀረ። እሷ ሳታቋርጥ መክፈሏ ሲታይ ብድሩ ተፈቀደለት፤ ሚስቱ ታክማ ይኸው ገበያ ትወጣለች፣ ክፉ አይንካት። ዓለምእሸትም ጨርሳ ከፍላ፣ በንጹሕ ስሟ ተበድራ የራሷን የስፌት መኪና ገዛች።

ዛሬ በዕዳ የተጨነቀ ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። ትናንት አንዷ ስልኳ እየጮኸ «ዓለምእሸት፣ እነሱ ናቸው፤ ምን ልበል?» ብትላት፣

«አንሺውና ‹አለሁ› በያቸው» አለቻት። «የጠፋ ሰው በዋሱ ላይ ነው የሚጠፋው።»