ታማኝነት የሚል ካናቴራ

ኧረ ይጠጉ ሚስ ኤርሊን፣ ይጠጉ! ለእኔ አይጨነቁ፣ እኔ ግማሽ ቂጤ… ይቅርታ፣ ግማሽ መቀመጫዬ ካረፈ ይበቃኛል። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? … ተመስገን ነው። ይኸው ሱፍ፣ ይዝገኑ። ጨው በዝቶበታል፣ ለደም ግፊትዎ አይሆንም፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ብቻ ይዝገኑ። ቅርፊቱን እዚህ ኩባያ ውስጥ ይትፉት። ወደ ፊት እንዳይተፉ አደራ… ሰው አለ። ቀይ ትራስ ላይ የተቀመጠ የተከበረ ሰው። ስለ ሰውዬው አይደለም የማወራዎት፣ ስለ ትራሱ ነው። ጥሩ ትራስ ነው አይደል? ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ በኮሌጃችን የሴቶች ሶፍትቦል ሜዳ ያው ወንበር፣ ያው ትራስ። አንድ ቀን እንኳ ስሜን ወደ ሌላ ሜዳ አዛውሩልኝ ብሎ አያውቅም። ትራስ እንዲህ ነው።

ሙቀቱስ! ሚያዝያ ነው ቢሉት ማን ያምናል? እኔ ሸሚዜን እስከ እምብርቴ ከፍቻለሁ፣ እርስዎ በነጥብ ደብተርዎ ያራግባሉ፣ ውጭ ያንን የረግረግ ሸርጣን፣ ክሮፊሹን፣ የሚቀቅሉት ልጆች ደግሞ ከድስቱ ይልቅ ራሳቸው የተቀቀሉ ይመስላሉ… እና በዚህ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አገጩ ድረስ የቆለፈ ሰው ቢያዩ ምን ይላሉ? በርዶት ይሆናል። አይፈረድበትም። ሰውን የሚያበርደው ነገር ብዙ ነው።

ይኸው ወጣች! ያቺ ሰማያዊ የለበሰችው፣ የወርዋሪዎቹ ክብ ውስጥ ቆማ እጇን የምታፍታታው። ሬኔ ናት እኮ፣ የእህቴ ልጅ! ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ክብ ውስጥ የእኛን አረንጓዴ ለብሳ ስትወረውር በዚሁ ደብተር የመዘገቧት እርስዎ አይደሉ? ዛሬ ወንዙን ተሻግራ ለሚሲሲፒዎቹ ትወረውራለች። እኔም ይኸው አረንጓዴ ኮፍያ አድርጌ፣ ሰማያዊ ካልሲ ለብሼ መጣሁ። ከላይ የሠፈሬ፣ ከታች የደሜ። ካልሲውን ለዳኛው እንዳይነግሩብኝ።

አባቷ ባሕር ላይ ነዳጅ ሲያወጣ ነው የኖረው፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት እዚህ። እሱ ባሕር ላይ ሲሆን ባልዲው የእኔ ነበር። የሸንኮራ መኪናዬን አቆምና ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ፣ እሷ ትወረውራለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ዘጠኝ ዓመት! ይህን ቅልጥሜ ላይ ያለውን ጎድጓዳ ያዩታል? አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ የተወችልኝ ማስታወሻ ነው። ዝናብ ሲመጣ ውኃ ያቁራል።

ታዲያ እንዲህ ያለች ልጅ ለምን ሄደች ይሉኛል? … አላሉኝም፣ ግን ይበሉኝ እስቲ። በፍቅር ብዛት ነው የሄደችው!

አንድ ደጋፊ ነበረን። ነበረን ልበል፣ አለን ልበል? … ስሙን አልጠራም። ስም መጥራት ነውር ነው፣ ደግሞ ቅርብ ያለ ሰው ዘወር ሊልብኝ ይችላል። ግን የዚያ ሰው ፍቅር! ሬኔ የመጀመሪያዋን ኳስ ወርውራ ሁለተኛዋ ገና እጇ ላይ እያለች፣ «ቀይሯት!» ይል ነበር። እንዴት ያለ ድምፅ መሰለዎት! «ቀ…ይ…ሯ…ት!» መጨረሻዋን ጎትቶ ጎትቶ፣ ወንዝ ላይ እንደሚያልፍ ጀልባ ጥሩምባ። ሌላው ደጋፊ ልጅቷ ስትሳሳት ይጮኻል። እሱ ግን ሳትሳሳትም ይጮኻል። አርቆ ማሰብ እንዲህ ነው!

ይጽፍም ነበር። የደጋፊዎቹ ገጽ ላይ፣ ጨዋታው ገና ሳያልቅ። «ይህች ልጅ አላደገችም።» አላደገችማ! ባሚያ ተክሎ ጠዋት ጠዋት እየነቀለ ሥሩን የሚያይ ገበሬ፣ ባሚያዬ አላደገም ቢልዎት ምን ብለው ይከራከሩታል? ከእሱ በላይ ማን ቀርቦ አየው?

ያን ጊዜ ደግሞ የራሱ ልጅ፣ እሷም ወርዋሪ ናት፣ በመጪው መስከረም እዚሁ ኮሌጅ ልትገባ ነበር… አጋጣሚ ነው! ክቡ እንዲለቀቅላት ነው አልኩ? እኔ ወጣኝ? እርስዎ ነዎት ያሰቡት ሚስ ኤርሊን። በዚህ ዕድሜዎ እንዲህ ክፉ ያስባሉ ብዬ አልጠበቅኩም።

ሬኔ ሻንጣዋን ስትይዝ የዚያን ሰው ሐዘን ቢያዩት። «የዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም፣ ተራቸውን አይጠብቁም፣ ትንሽ ሲከፋቸው ስማቸውን የዝውውር መዝገብ ውስጥ ያስገባሉ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር… ወይም ሽንኩርት እየበላ ነበር፣ አላስታውስም። ካናቴራ ሁሉ አሳተመ፤ ደረቱ ላይ ታማኝነት የሚል፣ ትልልቅ ፊደል፣ እንደ እኔ አራተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማረ ሰው እንኳ ከአጥሩ ማዶ የሚያነበው። ያን ሁለት ዓመት የትምህርት ቤቱን ምሳ የጨለፉልኝ እርስዎ አልነበሩ? ሰኞ ሰኞ ቀይ ባቄላ በሩዝ። እኔ ተራ መጠበቅን የተማርኩት ከእርስዎ ጭልፋ ፊት ቆሜ ነው፣ የሚያስተምር ካናቴራ አልነበረም።

ትዕግሥት መራራ ናት ሲሉ አልሰሙም? ውሸት ነው። ለሌላ ሰው ልጅ ሲቀዷት ምንም አትመርም!

ይመልከቱ፣ ይመልከቱ… መቺዋን አስወጣቻት! የእኔ ልጅ! … ይቅርታ፣ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጌ መጮህ አልነበረብኝም። ካልሲው ነው የጮኸው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ የዚያ ሰው ልጅ። ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስንት ዙር ወረወረች? ደብተርዎን ይግለጡት እስቲ። … አራት? ሙሉውን ወቅት አራት ዙር? እኔስ ሦስት መስሎኝ ነበር፣ የሰው ልጅ አሳነስኩ፣ ይቅር በለኝ። ቀሪውን ጊዜ ቤንች ላይ ተቀምጣ ለጓደኞቿ ውኃ ታቀብላለች። ታዲያ አባትየው ምን አለ? ተራዋን ትጠብቅ አለ? ካናቴራውን አለበሳት?

አዲስ ጥበብ ተገለጠለት! አሁን የሚጽፈው ሌላ ነው። «አሰልጣኟ ልጅ ማሳደግ አታውቅም። ልጅ የምትፈለግበት ቦታ መሄድ አለባት።» የጥንት ሰዎች የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይሉ ነበር፣ ጨካኞች! ይሄ ሰው ግን የወለዱት ከሚጠፋ የተናገሩት ይጥፋ አለ። ከዚህ በላይ አባት አለ? ካናቴራው የት ገባ ይሉኛል… እኔ ምን አውቃለሁ። ጃኬት ውስጥ ያለውን ነገር እግዜርና ዚፑ ነው የሚያውቁት።

ደግሞ ሕግ አክባሪ ነው። ስሟ መዝገብ ውስጥ ሳይገባ ከሌላ ኮሌጅ ጋር መነጋገር ክልክል ነው አይደል? አልተነጋገረማ! የወዳጁ ወዳጅ ነው የተነጋገረው። እና ያ የወዳጅ ወዳጅ የት ደወለ መሰለዎት? በዚህ ሁሉ አገር፣ ካለው ኮሌጅ ሁሉ… ሰማያዊዎቹ ጋ። ሬኔ ያለችበት! ልቤን ነው የነካኝ። «አላደገችም» ያላትን ልጅ ያሳደገውን ሜዳ መርጦ የራሱን ልጅ እዚያ ልትከል አለ። ዓይን አለው ሰውዬው። ዘግይቶ የሚያይ ዓይንም ዓይን ነው።

የዚያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ታዲያ አንድ ልማድ አላት። ከሌላ ቡድን ልጅ ለመውሰድ ስታስብ መጀመሪያ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቿን ትጠይቃለች። «አውቶቡስ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ ጎኗ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ፣ እሺ ካላችሁ እወስዳታለሁ፣ እምቢ ካላችሁ ይቅር» ትላለች። እና ከዚሁ ሠፈር የመጣችው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ማን ናት? … ምነው፣ ሱፉ አነቀዎት? ውኃ ይጠጡ፣ ውኃ! ከፊታችን ያለውም ሰውዬ ሳል ያዘው። ነፋሱ ነው።

ሐሙስ ሬኔ ደወለችልኝ። «አጎቴ ክሎቪስ፣ ምን ልበላት? ቅዳሜ ጨዋታው አልቆ አውቶቡስ ሳንሳፈር መልስ ትፈልጋለች» አለችኝ። ቅዳሜ ማለት እንግዲህ ዛሬ ነው፣ አውቶቡሱም ያው፣ ከአጥሩ ኋላ ሞተሩን እያሞቀ ነው። የዚያች ልጅ ዕድል ሬኔ አፍ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያስደወለው ሰው ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም… አሁን ከነፋሱ ካልሰማ በቀር።

እኔ ምን አልኳት? እኔማ ክፉ ነኝ፣ ያውቁኛል። «አላደገችም በያት» አልኳት። «ቃሉን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ባለቤት አለው።» ሬኔ በሙሉ ስሜ ጠራችኝ። በሙሉ ስሜ ስትጠራኝ እናቷን ነው የምትመስለኝ፣ እፈራታለሁ። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አጎቴ፣ የተጠየቅኩት ስለ ልጅቷ ነው፣ ስለ አባቷ አይደለም። ልጅቷን ደግሞ አላውቃትም። ሄደህ እይልኝ።»

ማን ያሳደጋት ልጅ ናት! … ባልዲው ነው መቼም፣ እኔማ እንዲህ አላስተማርኳትም።

እና ትናንት ባልዲዬን መኪና ላይ ጭኜ የከተማው መናፈሻ ሄድኩ፤ ዓርብ ዓርብ እዚያ ትወረውራለች ብለውኝ ነበር። እውነትም አለች። ብቻዋን። አጥር ላይ ትወረውርና ራሷ ሄዳ ታነሳለች፣ ትወረውርና ራሷ ሄዳ ታነሳለች። «አባትሽስ?» አልኳት። «መኪናው ውስጥ ነው፣ ስልክ ይዞ» አለችኝ። ሥራ አለበት እኮ! የእሷን ጉዳይ ነው እየሮጠ ያለው። ባልዲዬን ገለበጥኩና ተቀመጥኩ። ስልሳ ኳስ ተቀበልኩ። ሚስ ኤርሊን፣ ከጉልበቷ ተነስታ አገጭ ላይ የምትደርስ ኳስ አለቻት፣ እማምላክን! ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የያዝኩት። ሌላኛው ቅልጥሜም ማስታወሻ አግኝቷል፣ ላሳይዎት? … ይቅር፣ ሰው ያየናል።

ግን አውራ ጣቷ ጥፍሩ ተሰንጥቋል። ቢጫው ኳስ ደም ነክቶት ነው እጄ የሚገባው። «አባትሽ ይህን አይቶታል?» አልኳት። ምን ትለኛለች… «እሱ ቁጥሮቼን ነው የሚያየው።» እውነቷን ነው። ጥፍር የሚቆጥር ሰው የለም፣ አሥር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ማታ ለሬኔ ደወልኩላት። «ኳሷ አድጋለች፣ ልጅቷም አድጋለች። በዚያ ቤት ያላደገ አንድ ብቻ ነው» አልኳት። … ውሻቸውን ማለቴ ነው። ቡችላ አላቸው። «ታዲያ እሺ ልትያት ነው?» ስላት «ስትወረውር ራሴ ልያት» አለችኝ። ዘንድሮ አራት ዙር ብቻ የወረወረችን ልጅ ዛሬ ማን ያስገባታል? ዓይኔ እያየ ነገሩ ሊከሽፍ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት።

ቆይ… ቆይ። ስንተኛው ዙር ነው? ስድስት? አምስት ለዜሮ እየተመራን… ማናት የምትወጣው? እሷ ናት! አሰልጣኛችን ተስፋ ቆርጣ ይሆናል፣ ይሁን፣ ተስፋ መቁረጥም ለአንዳንድ ሰው በር ነው። አዩት፣ ትራሱ ተነሳ! ማለቴ፣ ትራሱ ላይ ያለው።

ውይ… አንድ። ሁለት። ውይ ልጄ፣ ጣቷ ነው። ሦስት። አራቱም ውጭ ሄዱ፣ መቺዋ በነፃ አለፈች። አይዞሽ—

ሰሙት? … ከላይ ነው፣ ከኋላችን! «ቀ…ይ…ሯ…ት!» እኔ አይደለሁም፣ ይመልከቱ፣ አፌ ሱፍ ሞልቷል፣ አአ! ዜማውን ግን ልብ አሉት? መጨረሻዋን እንዴት እንደጎተታት? ጥሩ ትምህርት ከሜዳ አይጠፋም፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይወራረሳል። … ይኸው ከፊታችን ያለው ሰው ዞረ። ዛሬ ገና መዞሩ ነው። እኔን አየኝ። ሱፍ ዘረጋሁለት፣ አልወሰደም። ጨው ቢበዛበት ነው። ጆሮውስ እንዴት ቀልቷል! ፀሐይዋ ከኋላ ነው የምትመታው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ለራስስ ኮፍያ ተሠራለት…

እሽ፣ እሽ፣ ዝም በሉ! ያቺን ኳስ ይዛታለች፣ አያያዟን አወቅኩት። … መቺዋ አየሩን መታችው! አንድ! አሁንም፣ አሁንም… ሁለት! ኧረ ይመዝግቡ ሚስ ኤርሊን! … ሦስት! ሦስቱንም አሳተቻት! በተሰነጠቀ ጥፍር!

ደጋፊዎቻችን ምነው አያጨበጭቡም? አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያጨበጭበው። ማን ነው? … ወዲያ፣ ሰማያዊዎቹ ጋ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ። ሬኔ! ብቻዋን! ለእኛ ወርዋሪ! የሰማያዊዎቹ አሰልጣኝም ሬኔን እያየች ነው፣ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችላት። አዩ? አለቀ። ሬኔ መልሷን ለመስጠት አውቶቡሱ ድረስ እንኳ አልጠበቀችም። ከፊታችን ያለው ሰውም አየ መሰለኝ፣ ዚፑን ለቀቅ አደረገው። ይሞቃል እኮ።

እንግዲህ ሱፉም አለቀ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ በእርስዎ ፊት ልመርቅ፣ አሜን ይበሉልኝ። ለዚያች ልጅ ጥፍሯን ይጠግንላት። ሰማያዊው ይመርባት፣ ክቡ የእሷ ይሁን፣ በየጨዋታው ኳሱ ከእጇ አይጥፋ። አባቷንም በሰላም እዚያ ድረስ ያድርሰው። ትራሱን ይዞ፣ ከመረቡ ኋላ የፊተኛውን ወንበር ያግኝ። ከኋላው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ሱፍ ቆርጣሚ ዋልጌ አይደለም፣ ልክ እንደ እሱ ያለ ደጋፊ ያስቀምጥለት፤ በፍቅሩ እሱን የመሰለ፣ በድምፁ እሱን የመሰለ፣ ልጅቱ ከምትወረውራት ከመጀመሪያዋ ኳስ እስከ መጨረሻዋ አንድ ቀን እንኳ የማይቀርባት። … አሜን ይበሉ እንጂ ሚስ ኤርሊን። ጮክ ብለው፣ ፊት ያለው ሰውም እንዲቀበልዎት።