ስለ ጨረሩ ክፍል የዋሸሁት

ክቡር ኃላፊያችን አቶ ክንፈሚካኤል፣ ክቡራትና ክቡራን የአፈር ላቦራቶሪያችን ባልደረቦች፣

ለጡረታ መሸኛዬ በጉን ላረዳችሁልኝ፣ ጋቢውንም ላለበሳችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢው ለሁለት ሰው ይበቃል። የቀረውን ጫፍ ምን እንደማደርገው አስብበታለሁ።

ስለ ማሽኑ ጥቂት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ የተማርኩበት የኤክስሬይ ማሽን አንድ ክፍል ይሞላ ነበር። የራሱ የውኃ ማቀዝቀዣ፣ የራሱ የመብራት መስመር፣ የራሱ ጠባቂ ነበረው። እኔ ከነዚህ አንዱም አልነበረኝም። በሚሊኒየሙ ዓመት ፍኖተ ሰላም የገባልን ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከተራ ሶኬት የሚሠራ ሣጥን ነው። አራት ሰው ከአይሱዙ ላይ አወረደው፤ አለቀ።

ሥራውም ቀላል ነው። አፈሩ ይደቅቃል፣ ትንሽ ሳህን ላይ ይደለደላል፣ ጨረር ያርፍበታል። እያንዳንዱ ማዕድን ጨረሩን በራሱ ማዕዘን ይመልሳል፤ ከማዕዘኑ ማንነቱ ይታወቃል። ሰውም እንዲህ ቢመረመር ስንቱ ግምገማ በቀረ!

ማሽኑ በመጣ በሳምንቱ አያ ክንዱ የሚባሉ የማንኩሳ ገበሬ ጆንያ ተሸክመው መጡ። መሬታቸው ኮምጥጦ ስንዴው እምቢ ቢላቸው፣ ሊበትኑበት ከነጋዴ ኖራ ገዝተዋል።

«ሎሚ ጠብ ሳደርግበት ይፈላል፤ ልቤ ግን አላመነውም» አሉኝ።

ማሽኑ በሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ ከግማሽ በላዩ አሸዋ ነው።

«ምነው፣ እኔ መቼ አሸዋ ቸገረኝ?» አሉ።

አጠገቤ ቆመው ነበር ውጤቱን ያዩት። ከእሳቸው ወዲህ ግን ወደዚያ ክፍል የገባ ሰው የለም። ለምን? ጥፋቱ የእኔ ነው።

በወሩ የጽዳት ሠራተኛችን ሰብሊ መጥረጊያዋን ይዛ ደፍ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ ጨረር ልጅ ይከለክላል ይሉኛል። እውነት ነው እንዴ?»

እውነት አልነበረም። የሣጥኑ በር ሲከፈት ጨረሩ ራሱ ይጠፋል፤ ሲዘጋም ከሣጥኑ አያልፍም። ደረቴ ላይ የማንጠለጥላት የጨረር መለኪያ በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ እየሄደች «ምንም የለም» ተብላ ትመለሳለች። ሕይወቴን በዚህ ልክ አሳጥሮ የገለጸ ሰነድ አላውቅም።

ያን ቀን ግን ጸጥታ አማረኝ። «እኔን አታይኝም?» አልኳት። እኔ ያልወለድኩት ባለማግባቴ ነው። ይህን ሳልነግራት ቀረሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ቡሬ ደርሷል።

የመጀመሪያውን ወር ተደሰትኩ። በሁለተኛው ዓመት ማሽኑን «እንደምን አደርክ» ማለት ጀመርኩ። ናሙናው በረንዳ ላይ ይቀመጥልኛል። በበዓል እንኳ ድፎ ዳቦው የሚገባልኝ በመስኮት ነበር። እንዲህ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት።

የባሰው ግን ወዲህ ነው። ተናኜ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጠችው የኬሚስትሪ ባለሙያችን፣ በሦስተኛው ዓመት እስከ በሩ መጥታ «ጋሼ፣ እኔ አልፈራም፤ ያስተምሩኝ» አለችኝ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ውለጂ» አልኳት።

ሦስት ወለደች። አልጠራኋትም። ብቸኝነቱን እየጠላሁት ማሽኑን ለሰው ለማካፈል ሰሰትኩ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? በሉት፤ ጋቢውን ግን አልመልስም።

ባለፈው ሳምንት አቶ ክንፈሚካኤል «እርስዎ ሲሄዱ የሚነካው የለም፤ መጋዘን እናስገባው» አሉኝ። መጋዘን ከገባ የገበሬው አፈር አዲስ አበባ ሄዶ ወረፋ ሊጠብቅ ነው። የዘር ወቅት ደግሞ ወረፋ አያውቅም።

ስለዚህ በሁላችሁ ፊት እናገራለሁ፤ ዋሽቻለሁ። ሰብሊ፣ ይቅር በይኝ። ተናኜ፣ አንቺ ይቅር እንድትይኝ አልጠይቅም፤ እንድትመጪ ነው የምጠይቅሽ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ የመጨረሻ ቀኔ ዓርብ። ሦስት ቀን አያስጨርስም፤ ያስጀምራል። ትናንት ሁለተኛ ወንበር አስገብቻለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ መሬታችሁ አይኮምጥጥባችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። የምታውቁትን የምታወርሱት ሰው በጊዜ ይስጣችሁ። ስትሸመግሉም ደጃችሁን የሚያንኳኳ አያሳጣችሁ።

አሜን በሉኝ፤ እስቲ ድምፃችሁን ከቅርብ ልስማው።