የዘንዶው ሰይፍ

ከሾላ ገበያ ወደ ኮተቤ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንዲት ወጣት ስልኳን ትነካካለች፤ አጠገቧ ዘንቢል ያቀፉ እናት ተቀምጠዋል።

«ምኑን ነው እንዲህ የምትቀጠቅጪው ልጄ?»

«ጌም ነው እማማ። ዘንዶ እየገደልኩ ነው።»

«አልሞት አለሽ?»

«መሞቱንስ ይሞታል፤ በቀን ሦስቴ እገድለዋለሁ። ሲሞት ወርቃማ ሰይፍ የሚጥለው ግን ከስንት አንዴ ነው። ለሱ ስንት ሰው እንደሚሻማ ቢያዩ!»

«ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ስምንት ወሬ።»

«ስምንት ወር ሙሉ ለማይጨበጥ ሰይፍ!»

«ጓደኛዬ በሁለተኛ ቀኗ ነው የወጣላት። ለኔም አይቀርም።»

«ኧረ ተይው! በዚህ ዕድሜሽ ዕድል ስትጠብቂ አትኑሪ።»

«እሺ። የእርስዎ ቤት ኮተቤ ነው?»

«የኪራይ ነው። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ዕጣ እየጠበቅሁ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የመጨረሻ ልጄን አዝዬ ነው የተመዘገብኩት። አምና ዳርኳት።»

«አሁንም ይወጣልኛል ይላሉ?»

«በሚቀጥለው ዙር! ምን ጥያቄ አለው?»

እኔም የራሴን የምዝገባ ወረቀት ከኪስ ቦርሳዬ አውጥቼ አየሁና፣ እጥፋቱ ላይ እንዳይቀደድ ቀስ ብዬ መልሼ ከተትኩት።